መርማሪዋ የተሸለመችበት ቀን

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ወንበር ስቦ «ተቀመጪ» ሲላት መርማሪዋ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ እሱን፣ ከዚያ በሩን አየች። በዚህ የደንብ ልብስ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ እዚህ ቢሮ ተቀመጪ የተባለችው ሁለቴ ብቻ ነው። አንዴ ስትቀጠር፣ አንዴ ደግሞ መቁረጫ ማሽኑ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ከወሰደባት በኋላ፣ «ማሽኑን ማን እንዳስነሳው አልታወቀም» የሚል ወረቀት ሲያስፈርሟት ነው። አሁን ደግሞ ምን ሊያስፈርሙኝ ነው ብላ ብትጠረጥር ማን ይፈርድባታል?

«ደስ የሚል ነገር ነው» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ጭራሽ አላማራትም።

በሚቀጥለው ዓርብ ፋብሪካው «ወድቆ የመነሳት ቀን» የሚባል ቀን ሊያከብር ነው። ክፉ ነገር ደርሶበት ተስፋ ሳይቆርጥ የተመለሰ አንድ ሠራተኛ ይሸለማል። ሠራተኛው ሁሉ ይገባዋል የሚለውን ሰው ታሪክ ጽፎ፣ ስሙን ሳይፈርም፣ ሳጥን ውስጥ እንዲጨምር ተነግሮት ነበር።

«ከሳጥኑ የወጣው ያንቺ ታሪክ ነው» አላት።

«ስንት ሰው ጻፈልኝ?»

«አንድ ሰው። ሌሎቹ ስለ ሽንት ቤቱ ነው የጻፉት።»

«ማነው ሰውየው?»

«አልፈረመም እኮ ነው የምልሽ። ሙሉውን በዕለቱ መድረክ ላይ አነበዋለሁ። እስቲ መጀመሪያውን ብቻ ስሚው።» መነጽሩን አጠለቀና አነበበ፤ «ያን ቀን ሻሿን ማብሪያው ላይ አስራ ማሽኑን ስታጸዳ...»

መርማሪዋ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም።

ለምን ቢባል፣ የቆራጮች ክፍል የራሱ ሕግ አለው። የግድግዳው ማብሪያ እጀታ አለው፤ ሲወርድ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሲነሳ ይነሳል። ስለቱ ላይ ክር ሲጠመጠም ቆራጯ እጀታውን ታወርድና ሽርጧን አውልቃ ታንጠለጥልበታለች። ማብሪያ ላይ ሽርጥ ካለ «እጄ ውስጥ ነው» ማለት ነው፤ የሽርጡ ባለቤት ራሷ እስክታነሳው ድረስ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ቢመጣም አይነካውም። ያን ቀን ግን ሽርጧ ታጥቦ ሳይደርቅላት ቤት ቀርቷል። የምሳ ሰዓት ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ምን ችግር አለው ብላ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ እጀታው ላይ ቋጠረችው። ጎንበስ ብላ ክሩን ስትለቅም ማሽኑ ጮኸ። ማን እንዳስነሳው አላየችም፤ ሻሹም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ።

ለጠየቃት ሁሉ «ሽርጤን ሰቅዬ ነበር፣ አንድ ሰው አነሳው» አለች። ሻሽ ነበር ብትል ጥፋቱ ተገልብጦ እሷ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ሻሽ ምልክት አይደለማ! በሌላ ከተማ መኪና ለሚነዳው ባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። እንግዲህ ሻሽ መሆኑን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ያሰረችው እሷና የነካው ሰው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የማትጠረጥረው ነገር የለም። ባለሱቁ ሽንኩርት ሲመርቅላት ሚዛኑን ታስደግመዋለች። ሐኪሙ «ደህና ነሽ» ሲላት ሌላ ሐኪም ትጠይቃለች። «መርማሪ» የሚለው ስም የወጣላት በዚሁ ነው፣ እሷም ስሙን ማን እንዳወጣው እየመረመረች ነው። ከሁሉ በላይ የጠረጠረችው መካኒኩን ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑ ከማብሪያው ሥር ነው፣ «ምሳ ወጥቼ ነበር» ከማለት በቀር ምስክር አላመጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችው፤ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መጀመሪያ አካባቢ «እንደምን አደርሽ» ይላት ነበር፤ ኋላ ሰለቸውና ተወው።

የማትጠረጥረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እትዬ ካውያ። ከጎን ባለው ክፍል ልብስ የምትተኩስ፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። ጩኸቱ እንደተሰማ ቀድማ ተገኝታ እጇን ያሰረችላት እሷ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣች ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ቀኝ እጇን እያየች ስታለቅስ መቀሱን በግራ ያስጨበጠቻት እሷ ናት። ዛሬ መርማሪዋ በግራ እጇ ከማንም እኩል የምትቆርጠው በእሷ ነው። «እትዬን ከጠረጠርኩማ ምን ሰው ቀረኝ?» ትል ነበር።

ከቢሮው እንደወጣች በቀጥታ ወደ እሷ ሄደች።

«እትዬ፣ ያን ወረቀት የጻፈው ማሽኑን ያስነሳብኝ ሰው ነው።»

እትዬ ካውያ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች። «እንዴት አወቅሽ?»

«አወቅሁ። መካኒኩ ነው። ሕሊናው አላስተኛ ብሎት ነው። ዓርብ ማይክራፎኑን ይስጡኝ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ፊት አወጣዋለሁ። ከሥራም ይባረራታል!»

«እሱን ሰውዬ ተይው። ምንም አላደረገሽም።»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉ ሆድሽ ይራራል» አለቻትና ወጣች።

ሳምንቱን መካኒኩን በዓይነ ቁራኛ ስትጠብቀው ሰነበተች። ሲያስል ትጠረጥራለች፣ ዝም ሲል ይብስባታል። ሐሙስ ዕለት ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ፈራ ተባ እያለ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር! ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያለ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ነው? በቃ፣ ማስረጃዋን አገኘች።

ዓርብ ሠራተኛው ሁሉ የምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ኃላፊው ስለ ወድቆ መነሳት ሲናገር የወደቀ እስኪመስል ድረስ አላበው። ከዚያ መርማሪዋን ወደ መድረኩ ጠርቶ ወረቀቱን አወጣ። እሷ ዓይኗን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመው መካኒክ ላይ አልነቀለችም።

«ያን ቀን ሻሿን ማብሪያው ላይ አስራ ማሽኑን ስታጸዳ ጉዳት ደረሰባት። ቤቷ ሆና መጀመሪያ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ አሮጌ አንሶላ በግራ እጇ እየቆረጠች ተማረች። አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጋ የቆረጠች ቀን፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንደሷ ያለ ጽኑ ሰው አላየሁም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንሶላውን የቆረጠች ቀን ግን ቤቷ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዓይኗ ከመካኒኩ ተነስቶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አረፈ። እትዬ ካውያ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታያለች።

ማይክራፎኑ እጇ ገባ። ሳምንት ሙሉ ያጠናችው ንግግር አንድ ቃል አልቀረላትም። ማይክራፎኑን ጥላ መሮጥ አማራት።

«ያን ቀን የሰቀልኩት ሽርጥ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ሻሽ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።» «መካኒኩ፣ ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ያኮረፍኩህ በከንቱ ነው። ይቅር በለኝ።»

መካኒኩ ለሌላ ሰው ነው እንዴ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው። ኃላፊው ይህ በፕሮግራሙ ስላልነበረ ቶሎ ብሎ ሽልማቱን አስታቀፋትና አስጨበጨበ።

መተኮሻ ክፍሉ ስትደርስ እትዬ ካውያ ያልጋለ ካውያ ይዛ አንዱን ሱሪ ደጋግማ ታሻለች።

«ሻሹን ረስተሽ የወጣሽ መስሎኝ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ላቀብልሽ ብዬ ነው። ቋጠሮው አልፈታ ሲለኝ ሳብኩት። እጀታው አብሮ ተነሳ።»

«ስምንት ወር!» አለች መርማሪዋ። «ስምንት ወር ሙሉ ስታጥቢኝ፣ ስታጎርሺኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አፍሽ ላይ አልመጣም?»

«በየቀኑ ይመጣል። መንገዱን ሁሉ እየተለማመድኩት እመጣና በርሽ ላይ ይጠፋኛል። አፌ እምቢ ቢለኝ ነው በወረቀት የሞከርኩት፤ ሻሽ ብዬ የጻፍኩት እንድታውቂብኝ ነው።»

«ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«በሩን ትዘጊብኝ ነበራ፣ ልጄ። ያኔ ደግሞ ከእኔ በቀር ማን ነበረሽ?»

መርማሪዋ አልዘጋብሽም ነበር ልትላት አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበችው። እውነቷን ነው፤ ትዘጋባት ነበር።