ለዓርብ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ

ዛሬ ጠዋት አርባ ምንጭ ኤርፖርት፣ የትኬት ሠራተኛዋ «አባባ፣ በረራው ወደ ነገ ተዛውሯል። ያዛወርነው እኛ ስለሆንን ከፈለጉ ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል» አለችኝ።

ሳላስበው «የይለፍ ወረቀቴንስ ማን ያድስልኛል?» አልኳት።

«የምን ወረቀት?» ብላ ሳቀች። ከየት ታውቀዋለች!

በደርግ ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። እህቴ አዲስ አበባ እሑድ ልትዳር፣ የዶርዜ ሸማኔ የሆነው አባታችን የሠራላትን ጋቢ ይዤ ዓርብ ልበር ስል በረራው ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። የትኬቱ ሠራተኛ «ወይ ነገ ይሂዱ፣ ወይ ብርዎን ይውሰዱ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነበር።

ያኔ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበርና ቀኑን እንዲቀይሩልኝ ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቴን አየና «ጓድ፣ ይሄ ለዓርብ ነው የተጻፈው። አዲስ ማመልከቻ አስገባ፤ ኮሚቴው ማክሰኞ ይሰበሰባል» አለኝ። ያለዚያ ወረቀት በአውቶቡስም ኬላ አይታለፍም።

ብሬ ሳንቲም ሳይጎድል ተመለሰልኝ። እሑድን እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቴ ጋቢውን ታቅፌ ዋልኩ።

ዛሬ ልጅቷን «ገንዘቡ ይቅር፣ ነገ እሄዳለሁ። እህቴ ትጠብቀኛለች» አልኳት።

እናንተስ፣ ብሩ ተመልሶላችሁ ቀኑ ግን ያልተመለሰላችሁ ጊዜ አለ?