የብርሃነመስቀል ፊት

የትምህርት ቤቱ ስልክ ሲደወል የሺእመቤት ለአንዲት አሮጊት የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች ነበር። በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በምሳ ሰዓት ስልክ ማንሳት አይወደድም፤ የልጅ ትምህርት ቤት ሲሆን ግን ሁሉም ያነሣል። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

የደወለችው ማርያ ናት፤ በዚህ ዓመት የመጣችው የኖኤል አስተማሪ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ይሄ ደግሞ የሺእመቤትን ገና ከመጀመሪያው አስፈራት። ኖኤል በዕረፍት ሰዓት ለጓደኞቹ በስልኩ የአዋቂዎች ገጽ ከፍቶ አሳይቷል አለች ማርያ።

"የአዋቂዎች ማለት?"

ማርያ በግልጽ ነገረቻት። የሺእመቤት ግድግዳውን ተደገፈች። ኖኤል ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁንም መኝታ ቤቱ ውስጥ መብራት ሳይበራ አይተኛም።

"ገጹ እኮ ዕድሜ ይጠይቃል" አለች ማርያ። "ፊትን በካሜራ አይቶ ልጅ ከሆነ አያስገባም። እና እንዴት ገባህ ስለው፣ አባቴ ነው የከፈተልኝ አለኝ። ስለዚህ ባለቤትሽን ማነጋገር አለብን። ነገ ጠዋት ይመቸዋል?"

ባለቤቷ ብርሃነመስቀል ባለፈው የካቲት፣ መሬቱ በበረዶ እንደ ድንጋይ በጠነከረበት ሰሞን ነው የተቀበረው።

"ሃሎ? የሺ፣ አለሽ?"

"አለሁ" አለች። "እኔ እመጣለሁ።"

ተመልሳ ገባች። እንቁላሉን ልጣ ጨረሰች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ አሮጊቷን አበላች፣ አፏን ጠረገችላት። ሥራ ጨርሳ ባቡር ውስጥ ተቀመጠች። መኖሪያ ሰፈሯ ሃውገሩድ ሲደርስ መውረድ ረስታ አልፋ ሄደች፤ ከሚቀጥለው ጣቢያ በእግሯ ተመለሰች።

እሷና ብርሃነመስቀል ሲጋቡ የቤቱን ሥራ ሳይነጋገሩ ተከፋፍለውት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ባንኩ፣ የወላጆች ስብሰባ የእሱ ነው። ማብሰሉ፣ ማጠቡ፣ መቆጣቱ የእሷ። ከባድ ጥያቄም ለእሱ ይተዋል። ኖኤል ሕፃን ሳለ ሰው ሲሞት የት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቃት "አባትህን ጠይቅ" ብላው ነበር። ብርሃነመስቀልም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ዋና ይወስደውና ሲመለሱ ጥያቄው ተመልሶ፣ ሁለቱም ፀጉራቸው እንደረጠበ፣ ዳቦ እየገመጡ ይገባሉ። ምን እንደተባባሉ ጠይቃ አታውቅም። ከዚያ በአንድ ጠዋት፣ ጫማውን እያሰረ፣ ልቡ ቆመ።

ለለቅሶው ትልቅ ፎቶግራፍ ሲፈለግ ደህና የሚባል ጠፋ። ብርሃነመስቀል ሰው ያነሣል እንጂ አይነሣም ነበርና። በመጨረሻ ሚዜው የነበረው ጌቱ የፓስፖርቱን ፎቶ ይዞ ግሩነርሎካ ሰፈር ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ሄደ። በምን ያህል ልክ ይሁን ሲሉት "በሰው ልክ" አላቸው። በሕንፃው የጋራ አዳራሽ፣ ለቀስተኛው ሁሉ የተቀመጠው በዚያ ፎቶ ፊት ነው። ሁለት ጆሮው የሚታይ፣ ጥርሱን ያልገለጠ፣ ቀጥ ብሎ የሚያይ ሰው። አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የሺእመቤት ስትገባ ኖኤል ሶፋው ላይ ነበር።

"ስልኩን አስቀምጥና ቀና በል።"

ልጁ ፊቷን አየ። "ማርያ ደወለች?"

"ደወለች። አባቴ ነው የከፈተልኝ ብለሃል።"

"ያ" አለ፤ በኖርዌዮቹ ቋንቋ በኖርስክ አዎ ማለቱ ነው።

"በሞተ አባትህ ትዋሻለህ?"

"አልዋሸሁም እኮ ማማ! ፓፓ ነው የከፈተው።" እጁን ዘርግቶ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ልጁ፣ ኖርስኩን ካማርኛ እየቀላቀለ፣ አስረዳት። ገጹ ፊትህን አሳየኝ አለ። የራሱን አሳየው፤ ልጅ ነህ ብሎ መለሰው። ስለዚህ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ ሶፋው ላይ አቆመው፤ ስልኩን ፊቱ ላይ አነጣጠረ። አንዴ ብልጭ አለና አለቀ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ተቀበለው።"

"ምን ብሎ?"

ልጁ አቀረቀረ። "ዕድሜዎ ተረጋግጧል። እንኳን ደህና መጡ።"

የሺእመቤት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ስሙ ከየቦታው ሲፋቅ አይታለች። ባንኩ ካርዱን ዘጋ፣ የስልክ ድርጅቱ ውሉን አቋረጠ፣ ክሊኒኩ ቀጠሮውን ሰረዘ፤ ከሕንፃው በር ላይ እንኳ ሳይነግሯት የስሙን ጽሑፍ አነሡ። ሁሉም መሞቱን አውቆ ነበር። እና አንድ የማታውቀው ማሽን፣ የት አገር እንዳለ እንኳ የማይታወቅ፣ ፊቱን አይቶ እንኳን ደህና መጡ አለው። ለዚያውም ወደዚያ ቤት።

"ማን ነው ይሄን ያስተማረህ?"

"ማንም። መጀመሪያ የፓፓን ስልክ ልከፍት ነበር፤ ፊቱን ካየ ይከፈታል ብዬ። ሐይቁ ጋ የቀረጸን ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።"

"ተከፈተ?"

"ናይ፣ አልተከፈተም። ስልኩ ፎቶ መሆኑን ያውቃል። ያኛው ነው የማያውቀው።"

ለመምታት ተነሥታ ነበር፤ ራሷም ያወቀችው እጇን ስታወርድ ነው። "ሂድ እጅህን ታጠብ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደች። ማርያ በሩን ከፍታ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች።

"ባለቤትሽ አልመጣም?"

"ሞቷል" አለች የሺእመቤት፤ ከዚያም ፎቶው ምን እንደሠራ፣ ባላት ኖርስክ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት።

ማርያ አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልነገረኝም አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። የሺእመቤት ለወላጆች ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው መሐረብ አንድ መዝዛ ሰጠቻት። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ይመስል አስተማሪዋን እሷ ታጽናናት ጀመር።

ማርያ ስትረጋጋ፣ "ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር ታወራላችሁ?" አለቻት። "ስለ ሰውነት፣ ሰውና ሰው ስለሚዋደዱበት ሁኔታ። እዚያ ያየው ትክክለኛው እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ካልነገርነው ያየውን ብቻውን ይዞት ይቀራል። እኔ በክፍል ውስጥ አወራለሁ፤ እሱ ግን ካንቺ ነው መስማት ያለበት።"

"ያ፣ እናወራለን" አለች የሺእመቤት።

አውርተው አያውቁም። ስትወጣ በራሷ ተገረመች። በየጠዋቱ የሽማግሌና የአሮጊት ራቁት ገላ የምታጥብ ሴት ናት። የእያንዳንዱን የሰውነት ክፍል ስም በኖርስክ ተምራ ፈተና አልፋለች፤ ለፈረቃ ተረካቢዎቿ ሳታፍር ትናገራለች። ለልጇ በአማርኛ ልበል ስትል ግን አፏ ላይ የሚመጣላት ስድብ ብቻ ነው። ለእሷም በልጅነቷ የነገራት የለም።

ጌቱን ጠራችው። ጌቱ ትራም ነጂ ነው፤ ብርሃነመስቀል ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። አምፖል ይቀይራል፣ የተበላሸውን ያያል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ወጥ ቤት ቆመው በሹክሹክታ ነገረችው።

"የኛ ኖኤል? አይደረግም!"

"ተደርጓል።"

"አይዞሽ፣ ሕግ ሊወጣ ነው እኮ። እንግሊዞች አውጥተዋል፤ እዚህም እያወሩበት ነው። ዕድሜውን ያላሳየ ዝር አይልም።"

"ጌቱ፣ አሳይቷል እኮ። የብርሃኔን።"

ጌቱ ዞሮ በተከፈተው በር ፎቶውን አየ። "በስመ አብ!" ብሎ ወንበር ሳበ። "በሰው ልክ አድርጉት ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ሳይፈልግ ሳቅ አመለጠው። "ብርሃኔ ይሄን ቢሰማ በሳቅ ይሞት…" ብሎ አፉን ያዘ። "ይቅርታ የሺ። ምላሴ ነው።"

"ተወው። ግባና አናግረው። ወንድ አይደለህ?"

"ወንድ ነኝ እንጂ ቄስ ነኝ እንዴ?"

"ሚዜው ነህ።"

ሱሪውን ከፍ አድርጎ ወደ ልጁ ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። የሺእመቤት ድስት ማማሰሉን ትታ ጆሮዋን ጣለች። መጀመሪያ የጌቱ ጉሮሮ ማጽዳት ተሰማ። ከዚያ ኳስ፤ ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ የቱ በረኛ እንደማይረባ። አንዴ "ኦፍሳይድ ነው ስልህ!" የሚል ጩኸት ሰማች። ጌቱ ሲወጣ ግንባሩ ላብ አለው።

"አወራሁት።"

"ምን አልከው?"

"ያው… ጎበዝ ሁን፣ ትምህርትህን አጥና፣ እናትህን አታሳዝን።"

"ስለ ነገሩስ?"

"ስለሱማ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? እኔ ራሴ ሦስት አሳድጌ አንዱንም አላናገርኩ።"

"ማን ነገራቸው ታዲያ?"

ጌቱ አሰበ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበው ይመስል ፊቱ ተለወጠ። "እኔ እንጃ የሺ" አለ። "እኔ እንጃ።"

ቢያንስ ልጁ ገጹ ላይ የከፈተውን ሂሳብ እንዝጋው ተባለ። ኖኤል በራሱ ስም እንዳይታወቅ የአባቱን ስም ሰጥቶ ነበር የተመዘገበው። አሁን ግን ገጹ፣ ሂሳቡን ለመዝጋት ባለቤቱ ራሱ በድጋሚ ፊቱን ያሳይ አለ። ጌቱ የራሱን ፊት ቢያቀርብ አይመሳሰልም ብሎ መለሰው። ሦስቱም ወደ ግድግዳው አዩ።

ኖኤል ሊያወርደው ተነሣ።

"ተወው፣ እኔ" አለች የሺእመቤት።

ፎቶውን አውርዳ በደረቷ ትክክል ያዘችው። ከመስታወቱ ኋላ ሆና የምታየው ጌቱን ብቻ ነው፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ። ፎቶው ተንቀጠቀጠ፤ ገጹም አትንቀሳቀሱ አለ። ትንፋሿን ዋጠች። ብልጭ አለ።

"ተዘጋ?"

"ተዘግቷል" አለ ጌቱ፤ ስልኩን ግን አላስቀመጠም።

"ምን ይላል?"

ጌቱ ማንበብ አልፈለገም። ኖኤል ነው ተሻምቶ ያነበበው፤ ወደ አማርኛ ሲመልሰውም ድምፁ እያነሰ ሄደ። "በመሄድዎ አዝነናል። ተመልሰው እንደሚመጡ ተስፋ እናደርጋለን።"

ጌቱ ካፖርቱን አንሥቶ በር ላይ ልጁን ራሱን ዳበሰውና ወጣ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ውጭ ገና ብርሃን ነበር፤ ልጆች በሕንፃዎቹ መካከል በብስክሌት ይዞራሉ። የሺእመቤት ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ብርሃነመስቀል ቢሆን ዋና ይወስደው ነበር ብላ አሰበች። ከውሃ ሲወጡ፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይነግረው ነበር። ስለዚህ እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ኖኤል፣ ያየኸው ነገር…"

"ያ?"

"አስፈራህ?"

ልጁ የካልሲውን ጫፍ መጎተት ጀመረ።

"አንዷ ሴትዮ ታለቅስ ነበር" አለ። "ሰውየው አይቷታል፤ ግን ዝም አለ። ለምንድነው ማማ?"

የሺእመቤት ወደ ልጇ ዞረች። እንዲህ ያለ ነገር ይጠብቀኛል ብላ አላሰበችም። ለራቁትነት ነበር የተዘጋጀችው፣ ለእፍረት ነበር። ልጁ ዓይኑን አልነቀለም፤ ስለ ሞት እንደጠየቀበት ቀን ነበር የሚያያት። "አባትህን ጠይቅ" የሚለው ምላሷ ላይ መጣ፤ መለሰችው።

"ነገ እነግርሃለሁ" አለችው።

"እሺ" አለ ኖኤል፤ አመናት።

ሂሳቡ ተዘግቷል። ሕጉ ገና እየተመከረበት ነው። የሺእመቤት ለልጇ ጥያቄ እስካሁን መልስ አልሰጠችም።