የጋሽ ጴጥሮስ ጣትና ሙቀት የሚያየው ካሜራ

ሶዶ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ሚኒባሱ ሳይሞላ ተነሳ፤ ተአምር ነው። ሙቀት የሚያይ ካሜራ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌያለሁ። አርባ ምንጭ የምትጠብቀኝ መምህርት ሕይወት፣ ታንክ ሲተኩስ የሚወጣውን ብልጭታ በካሜራው ለይቶ የሚጮህ ፕሮግራም ጽፋለች። ጥይቱ እስኪደርስ ባለችው ቅንጣት ጊዜ፣ የተተኮሰበት ተሽከርካሪ በራሱ ጭስ ለቆ ይሰወራል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ምዕራብ ዓባያ፣ 2 ሰዓት ተኩል

የመንገዱ ዳር ማንጎ በማንጎ ነው። ሕይወት «ይዘሃቸው ና» ያለችኝ ጋሽ ጴጥሮስ እዚህ ተሳፈሩ፤ የድሮ ታንከኛ፣ የዛሬ ሙዝ ገበሬ። ቀኝ ጆሯቸው ስለማይሰማ በግራቸው ተቀመጥኩ።

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ ነው?»

«የተኩስ ፊልም አይተው እንዲፈርዱልን ነው፣ ጋሼ።»

ወደ ዓባያ ሐይቅ ዞሩ። «ብልጭታውን እኔ አይቼው ነበር። የታንካችንን ሾፌር ‹ዙር!› ልለው አፌን ስከፍት ጥይቱ ደረሰ። ሁለት ጓደኞቼ እዚያው ቀሩ።»

የሚኒባሱ ሾፌር ሬዲዮውን ዘጋ።

«ክፈተው እንጂ ልጄ፣ መዝሙር እኮ ነው» አሉት።

ሲቀላ፣ 4 ሰዓት

ሕይወት መታገሥ አቅቷት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወርዳ ሲቀላ ባለው የአርባ ምንጭ መናኸሪያ ደጅ ተቀበለችን። ካሜራውን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ ወደ አንድ ብየዳ ቤት አዞረችው። ብየዳው ብልጭ ሲል ላፕቶፑ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። በያጁ መነጽሩን አንስቶ «ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ይሄ ተኩስ ከሆነ ሲቀላ አለቀላት!» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። ከሕይወት በቀር ሁላችንም ሳቅን።

ምሳ ላይ ዓሣዋን ሳትነካ ፕሮግራሙን አስተካከለች፤ ብልጭታው የሚደጋገም ከሆነ እንዳይጮህ፣ ይህን ለመለየትም ትንሽ እንዲጠብቅ።

ሴቻ፣ 8 ሰዓት

ከሕይወት ቢሮ መስኮት ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ። ጠዋት በካሜራው የቀረጸችውን የብየዳ ፊልም ስታሳየው ፕሮግራሙ ዝም አለ። ቀጥላ ድምፅ የሌለው የተኩስ ፊልም ከፈተች። ጋሽ ጴጥሮስ ብልጭታው ሲታይ ጣታቸውን አነሱ። ላፕቶፑ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዘገየ።»

ደገመችው። «አሁንም ዘገየ።»

«ካልጠበቀ እኮ ብየዳውንም ተኩስ ይለዋል። እርስዎ በምን ለዩት?»

«የብየዳ እሳት ትንሽ ሆኖ ይቀራል። የመድፍ እሳት ግን» አሉና የጨበጡትን እጃቸውን በረገዱት፣ «ገና ሲወጣ ይነፋል። መነፋቱን እዪ እንጂ መደጋገሙን አትጠብቂ።»

ሕይወት ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። እኔ ማንጎ በላሁ።

10 ሰዓት

የብየዳው ፊልም አለፈ፤ ዝም። የተኩሱ መጣ፤ ጣትና ጩኸት እኩል። ሦስቴ ደገምነው፣ ሦስቴም እኩል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሕይወትማ ጨፈረች።

ጋሽ ጴጥሮስ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«እኔ አፌን እስክከፍት ነው የረፈደው» አሉ። «ጭሱ ግን የማንንም አፍ አይጠብቅም።»

ከዚያ «እስቲ አንዴ ድገሚው» አሏት። በዚህኛው ጣታቸውን አላነሱም፤ ተደግፈው ብቻ አዩ።