በረዶ የወረደ ጊዜ ልጄ ሥራ አገኘች

ልጄ ሐዋሳ ላለ ኩባንያ ተቀጥራ ትሠራለች፤ የምትውለው ግን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ጓዳ ነው። ያዘዘው ዕቃ የዘገየበት ሰው በኮምፒውተር ይቆጣታል፤ እሷ ይቅርታ ጠይቃ ትመልስለታለች። ደሞዟ በባንክ ይገባል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝ፤ ሥራዬ ይኼ ነው ስትለኝ አመንኋት። ጫጫታ ከተሰማባት ያባርሯታል ብዬ ስለምፈራ ዶሮዎቹን ከደጃፍ ሳባርር እውል ነበር።

ጎረቤት ግን አላመነም። «ተምራ ተምራ ቤት ተቀመጠች» አሉ። ሴቶቹ «ሥራ ከሌላት ትምጣና በርበሬ ትቀንጥስልን» እያሉ ይልኩብኛል። የእድራችን ዳኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባገኙኝ ቁጥር «ልጅሽ እስካሁን ሥራ ፈት ናት?» ይሉኛል።

«ኧረ ትሠራለች፣ አባቴ።»

«ተቀምጦ ጣት ማንቀሳቀስ ሥራ ከሆነማ፣ እኔም መቁጠሪያዬን ስቆጥር ደሞዜን ይላኩልኛ።»

መስከረም ላይ፣ በሚካኤል ማግሥት፣ በረዶ ወረደና የሰፈሩን ገብስ ሁሉ አስተኛው፤ የእኛንም ጭምር። በረዶው ሳይቀልጥ ወሬው ደረሰን፦ በዓል የሻረ ሰው አለ፣ እሷም የእኔ ልጅ ናት። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈት ለነበረችው ልጄ በአንድ ቀን በረዶ የሚያወርድ ሥራ ተገኘላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳኛው ሽማግሌዎች አስከትለው እቤት መጡ። «ልጅሽ በበዓል መሥራቷን ካልተወች ከእድሩ ትሰረዣለሽ» አሉኝ።

ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ልጄም በየበዓሉ ብትቀር ኩባንያው ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ ሐዋሳ ያለ አለቃ ለእኛ ገብስ ምን ገዶት።

ፈራ ተባ እያልሁ «አባቴ፣ ሥራ አይደለም ሲሉኝ የከረሙት እርስዎ አይደሉም?» አልኋቸው።

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብያለሁ። አሁንስ ቢሆን መች ካድሁ? እሷው ትናገር። ልጄ፣ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?»

ልጄ በዚህ ነገር ከሰፈሩ ሁሉ ስትከራከር የከረመች ናት። አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥ አደረግኋት። አየችኝ፤ አይታኝም አንገቷን ደፋች።

«አይደለም፣ አባባ። ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።»

«አላልኋችሁም?» አሉ ዳኛው ወደ ሰዎቻቸው ዞረው። «ሥራ የሌላት ልጅ ምን በዓል ትሽራለች?»

ሁሉም ደስ ብሏቸው ተነሡ፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ወደ ሌላ ቤት ሊሄድ ነው። ዳኛው ሲወጡ እጃቸውን ልጄ ራስ ላይ ጫኑና «ሚካኤል ሥራ ይስጥሽ» ብለው መረቋት።

«አሜን» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

እኔም ከልቤ አሜን አልሁ።