የፀጉሬ ቅቤ

ባሌ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድር ባለእጅ ነበር። ለአርበኞች ጠመንጃ ታበጃለህ ብለው ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስ ካለው ምሽጋቸው አሰሩት። ስንቅ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ዘበኛው ከበር ይቀበለኝና "ሂጂ" ይለኛል። አራት ወር ሙሉ የባሌን ዓይን ሳላይ ከረምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጣሊያን ሞተር ብስክሌቱን በወታደር እያስገፋ ከአስተርጓሚው ጋር ደጄ መጣ። ከኋላቸው ባሌ! ኧረ እመቤቴ! የሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ አልዞር ብሎ ነው ለካ፤ ሞረዱና ወናፉ እቤት ስለነበር እዚያው ያብጀው ብለው አመጡት።

ባሌ የቁልፉን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጠረገ፤ የቁልፉን ጥርስ በሞረድ አለሰለሰ። "ማለስለሻ አምጪ" ሲለኝ፣ ዘይት ከየት ይምጣ፣ ቅቤ ሰጠሁት። ቀባው፤ ቁልፉ ሳያንገራግር ዞረ። ጣሊያኑ ደስ ብሎት ባሌን ይዞ ሄደ። ከምድጃው አጠገብ ሞቆ ነው እንጂ የማርቆስ ብርድ ቅቤን እንደማይምር ማን አሰበ? በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለሱ። ቅቤው ረግቶ፣ አቧራ ይዞ፣ ቁልፉን አላላውስ ብሎታል።

ባሌ ሳቀ። ከምሽጉ የሞተር ዘይት አስመጥቶ ቅቤውን አጥቦ አወጣ። ዘይቱን ሲቀባው ልቤ ስንጥቅ አለ። አሁንማ ተበጀ፤ አሁንማ አይመለስም። ሰዎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ነገም እሱን አያለሁ ብዬ ትናንት ከተቀባሁት ፀጉሬ ላይ በጣቴ ዝቄ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩ። ከባሌ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

በሦስተኛው ቀን እንደገና አመጡት። በአጠገቤ ሲያልፍ "ተይ አንቺ ሴት፣ ታስበዪኛለሽ!" አለኝ በሹክሹክታ፣ እየሳቀ። እተዋለሁ? አራት ወር የተራብኩትን? ደግሜ ቀባሁት።

በአራተኛው ቀን ጣሊያኑ በጉልበት ሲጠመዝዘው ቁልፉ እዚያው ምሽጉ ውስጥ ተሰበረ። ደጄ የመጣው አስተርጓሚው ብቻ ነበር። "ባልሽ ሆን ብሎ አበላሸው ተብሏል፤ ዛሬ ወደ ደጀን ይወስዱታል፣ ከዚያም ዓባይን ያሻግሩታል" አለኝ። ሮጬ ደረስኩ። ካሚዮኑ ላይ ጭነውታል። እኔ ነኝ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት በዓይኑ ገሠጸኝ። እሷ ናት ቢል ኖሮ ይቀር ነበር፤ አላለም። ካሚዮኑ ሲነሳ "ፀጉርሽን መቀባት እንዳትተዪ፤ እመጣለሁ!" ብሎ ጮኸ።

ይኸው ጣሊያንም ሄደ፣ እኔም አረጀሁ። ባሏ የሞተባት ሴት እንዴት ትቀባለች ብለው ጎረቤቶቼ ያሙኛል። ይሙኝ! ሞተ ብሎ ያረዳኝ የለም። ያስወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ይናፍቀኛል፣ ዛሬም እንደዚያን ሰሞን ይናፍቀኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀባለሁ። ሲመጣ ደረቅ ፀጉር አያገኝም።