እትዬ አስካለ ያስተካከሉት ኮምፒውተር

በጋሽ ሙባረክ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የመጀመሪያ ቀኔ ያለፈው አቧራ በመጥረግና በማየት ነበር። ቤቱ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ነው። ልንዘጋ ስንል ጋሽ ሙባረክ ጠሩኝ።

"ሰሚራ፣ ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ ቤት እንደቀየረ ሰው ዕቃው ይምታታበታል። ኮፒ ሳታደርጊ እንዳትነኪው!"

ዘንድሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከክፍል ስወጣ እሳቸው ዘንድ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የክፍል ጓደኞቼ ነው።

ለብቻዬ መጀመሪያ የተላክሁት ሰንጋ ተራ፣ ወደ እትዬ አስካለ የትርጉም ቢሮ ነው። ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ፕሮግራም በጣም የቆየ ስለሆነ የሚሠራው በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ያን ቀን ረፋድ ላይ የአንድ ኑዛዜ ትርጉም ጨርሰው እንዳስቀመጡ አሮጌው ኮምፒውተራቸው በየመሃሉ እየጠፋ ያስቸግራቸው ጀመር። ቨርቹዋል ማሽኑን ኮፒ አድርጌ ስጨርስ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም አለ። ትርጉሙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ባለጉዳይዋ ፌስታሏን ታቅፋ ወንበር ላይ ትጠብቃለች።

እትዬ አስካለ በአሮጌው ምትክ በገዙት አዲስ ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ከድሮው የተለየ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር ስክሪን ነበር። ይህን አውቀዋለሁ፤ አዲሱ ፕሮግራም ዲስኩን በሌላ ዓይነት መቆጣጠሪያ ስላገናኘው ዊንዶውሱ ዲስኩን አላገኘውም። ወደ ድሮው ዓይነት መለስኩት፤ ተነሳ።

"ጎበዝ!" አሉ እትዬ አስካለ።

ገና አልጨረስኩም ነበር። የትርጉም ፕሮግራሙ "ፋይሉን መክፈት አይቻልም" ይልና ይዘጋል። የድሮው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም የተዋቸውን ድራይቨሮች፣ ኮምፒውተሩን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አጠፋሁ። ያው ነው።

"ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን የለፋሁት እዚያ ውስጥ ነው።"

"አይጨነቁ እትዬ፣ ኮፒው አለ።"

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች ባለጉዳይዋ።

የስክሪኑን ጥግ አየሁና "ስምንት" አልኳት። ወዲያው ደነገጥኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተር ሁለት ነው የሚለው፤ ሁላችንም በሆዳችን ቀይረን እናነበዋለን። ይኼኛው ግን ልክ እንደ እጅ ሰዓታችን ስምንት ይላል። ትክክል ስለመሰለኝ ደጋግሜ አይቼ አልፌዋለሁ።

"እትዬ፣ የዚህን ኮምፒውተር ሰዓት የነካው ሰው አለ?"

"እኔ ነኛ! ሲመጣ ተሳስቶ ነበር፤ አስተካከልኩት" አሉ ኮራ ብለው።

ቨርቹዋል ማሽኑ ሰዓት የሚወስደው ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው። በኮምፒውተር አቆጣጠር ስምንት ማለት ገና ማለዳ ነው። ረፋድ ላይ የተቀመጠው ኑዛዜ ገና ካልደረሰ ሰዓት የመጣ ሆነበትና ፕሮግራሙ አልከፍትም አለ። ሰዓቱን መልሼ ማሽኑን እንደገና አስነሳሁት። ኑዛዜው ተከፈተ።

"እንግዲህ አስካለ አበላሸችው በይኛ!" ብለው ሳቁ፤ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሳይቀዘቅዝ ለባለጉዳይዋ ሰጧት። እሷም ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠች፤ ደረሰች።

ለጋሽ ሙባረክ ስነግራቸው፣ "ነገ ሜክሲኮ አንድ ፋርማሲ አለ፤ እዚያም አንቺ ሂጂ" አሉኝ።

አሁን ደንበኛ ቤት ስገባ "ምን ተበላሸ?" ከማለቴ በፊት "ምን አስተካከላችሁ?" እላለሁ።