አዴ ሞሚና ፎቅ የወጣችበት ዓመት

ባለፈው ክረምት አዳማ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ፣ አንዲት ሴት ተንበርክካ የደጇን ሊሾ ሰም ትቀባ ነበር። ሰሙን በላምባ አሟሙታ ጨርቅ እየነከረች ነው የምትቀባው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ እንዳሳረፍኩ ቆምኩ። ሴትዮዋ ያበላሸሁባት መስሏት ነው መሰለኝ ቀና ብላ ጫማዬን አየችው። «ይለፉ፣ ያ በኩል ደርቋል» አለችኝ። አመስግኜ አለፍኩ። ወንድሜ በሩን ሲከፍትልኝ ከሰላምታ በፊት «ታች ሰም እየቀቡ ነው» አልኩት። ብሩክ አንገቱን ወደ ደረጃው አስግጎ «አዴ ሞሚና» አለ።

እኔና ብሩክ ያደግነው አሰበ ተፈሪ ነው፤ ዛሬ ሰዉ ሁሉ ቺሮ በሚለው ከተማ። ቤታችን ከሆስፒታሉ ከፍ ብሎ አቀበቱ ላይ ያለው የማኅበር ቤት ነበር። አስተማሪዎች፣ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ በሥራ ተመድበው የመጡ፣ ለየብቻቸው ቤት መሥራት ቢያቅታቸው ተደራጅተው መሬት ጠየቁ። እሑድ እሑድ ድንጋይ እየተሸከሙ ያቆሙት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። አራት ቤት ታች፣ አራት ቤት ላይ። ላይ ያሉት በሮች ሁሉ የሚከፈቱት የብረት ድጋፍ ወዳለው አንድ ረጅም በረንዳ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ተርታውን የተሠሩ የቆርቆሮ ኩሽናዎችና ከግንብ እስከ ግንብ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ነበሩ። በከተማው ውስጥ ሰው በሰው ላይ የሚኖርበት ሌላ ቤት አላውቅም ነበር። በገበያ ቀን ከመሰላና ከቦርደዴ የሚመጡ ሰዎች አጥሩ ሥር ቆመው ወደ ላይ እያዩ፣ «ላይ ያለው ሲራመድ ታች ያለው አይሰማም?» ብለው ይጠይቁን ነበር።

ይሰማል እንጂ። ከእኛ በታች የምትኖረው አዴ ሞሚና ነበረች። እኔና ብሩክ ቤት ውስጥ መሯሯጥ ስንጀምር በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን፣ ማለትም ወለላችንን ትነርተው ነበር። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ታፈጥብናለች፤ እኛም ባለንበት ደርቀን እንቀራለን።

አዴ ሞሚና (በእኛ አገር ኦሮምኛ «አዴ» እናት እንደ ማለት ነው) የመሰላ ገጠር ተወላጅ ናት። በሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ በጅቡቲ መንገድ ሲመላለስ ሌላ ትዳር ይዞ ቀርቷል ይባላል፤ ልጅ አልነበራትም። ወፍራም፣ ረጅም፣ ቀኝ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጥርሷን ለማሳየት የማትቸኩል ሴት ነበረች። በሯ ፊት ያለውን ቁራሽ መሬት ቃሪያና ፓፓያ ተክላበት በሽቦ አጥራዋለች። ኳሳችን እዚያ ከገባ ገባ ነው። ቤቷን ሰም ስትቀባ የደረጃውን የታችኛውን ክፍል አብራ ትቀባ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን አውልቀን እንወጣ ነበር።

አማርኛዋ የራሷ ነበር። ለሁሉም ሰው «አንተ» እና «አንቺ» ትላለች፤ ለማኅበሩ ሊቀ መንበርም፣ ለሐኪሙም፣ ለቄሱም። እናቴ «እርስዎ» እንድላት አስተምራኝ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆኜ «አዴ ሞሚና፣ እናቴ ይምጡ ብላለች» ብዬ ብጠራት፣ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «ይምጡ? ከኔ ኋላ ማን አለ? እኔ አንድ ነኝ፣ ኢንታላ ቲያ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» አልኳት፤ እናቴም ብትቆጣ ብትቆጣ ተወችው።

አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጉበቱን ታመመ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሐረር ሆስፒታል ላኩት፣ ከሐረር በሳጥን ሆኖ ተመለሰ። ለቅሶው ግቢው ውስጥ ተደረገ። የማኅበሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፣ ሴቶቹ ተራ ገብተው አበሉን፣ አዴ ሞሚና ከሥራ ስትመለስ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር ውኃ ትቀዳ ነበር። አርባው እስኪወጣ ስለ ቤቱ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከአርባው በኋላ ግን ተነሳ። በማኅበሩ ደንብ ቤቱ የአባሉ ነው። አባል ከሞተ ያዋጣው ለወራሾቹ ይመለስና ቤቱ ተራ ለሚጠብቀው አባል ይሰጣል። እንዲህ ብለው የጻፉት በክፋት አልነበረም፤ ቤቱ ተሸጦ ነጋዴ እጅ እንዳይገባ ፈርተው ነው። ተራ ጠባቂው አቶ ለማ የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ሚስቱ አርግዛለች፤ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት የምታፈስ ክፍል ይኖራሉ። ክፉ ሰው አልነበረም። የአባቴን ድንኳን ገመድ ሲወጥር አይቼዋለሁ።

እናቴ የመንግሥት ሠራተኛ ስላልነበረች አባል መሆን አትችልም። የመጣችው አባቴን ተከትላ ከጎጃም ነው። ወላጆቿ ሞተዋል፤ መሬቱ በወንድሟ እጅ ነው። ማታ ማታ ልብስ ስታጥፍ፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ «ሁለት ልጅ ይዤ የወንድሜን ሚስት ደጅ ልጠና?» ትል ነበር። ልብሱን ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ታጥፈዋለች።

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ነበር። ሰዉ ከየቤቱ ወንበር ይዞ ወጣ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ፣ ብሩክ ጭኗ ላይ። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ጥላሁን የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበር። መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

«እህቴ፣ ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን። ነፍሱን ይማረውና ባልሽም ፈርሞበታል። ዛሬ ለአንቺ ብለን ብንጥሰው ነገ ማን ያከብረዋል?»

አንዱ ጥቂት ወር ይሰጣት አለ። ሌላው ልጆቹ የትምህርት ዓመቱን ይጨርሱ አለ። አቶ ለማ ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ፤ «እኔ ትውጣልኝ አልልም። ብቻ ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ ያለንበት ቤት ደግሞ ዝናብ አያስጠልልም» ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱም እውነት ነበር።

አዴ ሞሚና የተቀመጠችበትን ወንበር ተደግፋ ተነሳች።

«ጥላሁን፣ አንተን ልጠይቅህ። ባዶ ቤት ካለ፣ አባል የራሱን ለቆ እዚያ መግባት ይችላል?»

«ይችላል፤ ግን...»

«ግን የለም። እኔ አባል ነኝ። ላይ ያለውን ቤት ፈለግሁ። የኔን ታችኛውን ለለማ ስጡት። ሚስቱ ደርሳለች፣ ደረጃ አይሆናትም።»

ጋሽ ጥላሁን በዓይኑ ወደ እናቴ ጠቆመ። «እነዚህስ?»

«እነሱ ከኔ ጋር ናቸው። አባል ከማን ጋር ይኖራል ብሎ ደንቡ ጽፏል? ካለ አንብብልኝ።»

አላነበበም። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት፣ «አዴ ሞሚና፣ ደረጃው! ጉልበትሽስ?» አለች።

«ጉልበቴ አባል አይደለም» አለችና ተቀመጠች። ሰዉ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጋሽ ጥላሁን «የሚቃወም አለ?» ሲል እጁን ያነሳ አልነበረም። አቶ ለማ መጥቶ የአዴ ሞሚናን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል «ተው አቦ!» ብላ ገፋችው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ማንም አልጠየቃትም ነበር። ቤት ስንገባ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ደስታ ይሁን ንዴት አላወቅሁም፤ ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ነበር። የራሷ ቤት እመቤት የነበረች ሴት በአንድ ከሰዓት በሰው ቤት ጥገኛ ሆነች፤ ያውም ጣሪያ በምትደበድብ ሴትዮ ቤት። በማግሥቱ የንስሐ አባቷን አማከረች። እሳቸውም «ድስታችሁ ይለይ እንጂ ሌላው ምን አለበት?» አሏት።

አዴ ሞሚና የብረት አልጋዋን፣ ራዲዮኗንና የሰም ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። ትንሿን የጓዳ ክፍል ያዘች፤ ትልቁን ክፍል ለእኛ ተወችው። ፓፓያዋ ፍሬ ይዞ ነበር፤ ለለማ ሚስት ትታው ወጣች። ኩሽናው ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ሆነ፤ የሥጋ ድስት የየራሳችን፣ የሽሮው የጋራ። በእኛ ጾም እሷ ሥጋ አታበስልም፤ በረመዳን ደግሞ እናቴ እኛን ቀን ቀን ጓዳ ውስጥ ነበር የምታበላን። ማንም ሕግ አላወጣም፤ እንዲሁ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ግን ከባድ ነበር። እናቴ በር ከፍታ መዋል ትወዳለች፤ አዴ ሞሚና ትዘጋለች። እናቴ ራዲዮ በለቅሶ ቤት አይከፈትም ትላለች፤ አዴ ሞሚና ዜና ሳትሰማ አትተኛም። ብዙ ቀን ሳይነጋገሩ አንድ ሽሮ በልተዋል። እኛ እንደ ልማዳችን ስንሯሯጥ ደግሞ አሁን የምትቆጣን ከጎናችን ሆና ነበር፦ «ታች አራስ አለች! ከታች እንዴት እንደሚሰማ እኔን ጠይቁኝ!»

ደረጃው ጎዳት። ከሥራ ስትመለስ መታጠፊያው ላይ ቆማ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ትተነፍሳለች። ሰው ሲያልፍ ግቢውን የምታይ ትመስላለች። እኔ ቦርሳዋን ልቀበላት ስወርድ «ኮቱ» ትለኛለች፤ ነይ ማለት ነው። ያቺን መታጠፊያ እስክታልፍ ድረስ አንድ አንድ የኦሮምኛ ቃል ታስተምረኝ ነበር። ሕመሟን ለመርሳት ይመስለኛል። የዛሬ እንጀራዬ በዚያ ቋንቋ ነው፤ ሂርና ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እናቴን ሥራ አስገባቻት። እናቴ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ነው ያቋረጠችው። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሰው ይፈለግ ነበር። «ጥቁር ለብሼ?» አለች እናቴ።

«ልበሺው። ካርድ ክፍልም ጥቁር ይለበሳል።»

ጠዋት ጠዋት አብረው ይወርዱ ጀመር። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር ለብሰው፣ እናቴ በቀኝ በኩል ክንዷን ሰጥታት። ሁለቱ በር ስለ መዝጋት መከራከራቸውን ግን አልተዉም።

እናቴ ቋሚ ስትሆን አዴ ሞሚና ራሷ ይዛት ለማኅበሩ አባልነት አስመዘገበቻት። ጡረታ በወጣች ጊዜም ቤቱን በእናቴ ስም አዛውራ፣ መሰላ ወዳለው ወንድሟ ለመሄድ ተነሳች። እናቴ እንዳትሄድ ለመነቻት። «እዚያ ቤቱ ምድር ላይ ነው» አለች። ያን ቀን እናቴ ለብዙ ዓመት የተወችውን ጥያቄ ጠየቀቻት፤ እኔ አልጋውን ለማሰር ገመድ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ያኔ ምን አስበሽ ነው? ዘመድሽ አይደለሁ፤ በቅጡ እንኳን አንተዋወቅም ነበር።»

አዴ ሞሚና አሰበችበት። «እንዴት አንተዋወቅም? ዘጠኝ ዓመት ራሴ ላይ ስትራመዱ ነበር። እሱ ሲሞት ልጆቹ መሮጥ ተዉ። ጣሪያው ዝም አለ። እኔ ዝም ያለ ቤት አውቃለሁ፣ አልወድም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ገመዱን ጠበቅ እንዳደርግ አዘዘችኝ።

መሰላ ጥቂት ዓመት ኖረች። በገበያ ቀን ሰው ስናገኝ ቅቤና ማር ትልክልናለች፤ እናቴ ሻርፕ ትልክላታለች። የሞተችው በመኸር ወቅት ነው። ወሬው ሲደርሰን በሥርዓታቸው ተቀብራ ነበር። እናቴና እኔ በአይሱዙ ጋቢና ሄደን ለቅሶ ደረስን። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የወንድሟ ሚስት እናቴን አይታ ማን መሆኗን አልጠየቀችም፤ «የፎቁ እህቷ» ብላ ለሴቶቹ ነገረቻቸውና መሐላቸው ቦታ ሰጠቻት። እናቴ ሦስት ቀን ተቀመጠች።

አቶ ለማ ባለፈው ዓመት አረፈ። እናቴ ዛሬም እዚያው ላይ ስለምትኖር ለቅሶው ላይ ነበርኩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አሁን ወጣት መምህር ነው። እሱና ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ሲሰበሰቡ ያ የእሑዱ ስብሰባ ትዝ አለኝ፤ በረንዳው ላይ ወጥቼ ብረቱን ይዤ አዳመጥኩ። የተነጋገሩት ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ውኃው ሲጠፋ በርሜል ከየት እንደሚመጣ፣ ትንሹን የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው ነበር። ተነሱ፣ ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

ሊቀ መንበሩን ደረጃው ሥር አገኘሁት። «አባሉ ሞቷል፤ የቤቱን ጉዳይ ምን ወሰናችሁ?» አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ከዚያ የለማን ሚስት በር አየ፤ የሚያፈስ ነገር ያለ መስሎት ነው።

«የቱ ቤት? ቤቱ ምን ሆነ?» አለኝ።